በኦ0 ልክ፣ በኦ2 ስህተት፦ ኮምፓይለሩን ነው ወይስ ካስቱን የምንጠረጥረው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሴንሰር መረጃ የሚቀበል በሲ የተጻፈ ፕሮግራም ላይ እሠራለሁ። የሚመጣውን መረጃ ባለ 32 ቢት አንሳይንድ ኢንቶች አሬይ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ የአሬዩን አድራሻ ወደ ፍሎት ፖይንተር ካስት አድርጌ (ዓይነቱን በግድ ቀይሬ) አማካዩን አሰላለሁ። በኦ0 (ኮምፓይለሩ ኮዱን ለማፋጠን ሳይሞክር) ሁሉም ነገር ልክ ነው። በኦ2 (ኮዱን እንዲያፋጥን ፈቅጄለት) ኮምፓይል ሳደርገው ግን አንዳንዴ ዜሮ፣ አንዳንዴ ያለፈውን ዙር ቁጥር ይሰጠኛል። መሐሉ ላይ ፕሪንትኤፍ ስጨምር ደግሞ ይስተካከላል! ኮምፓይለሬ ጂሲሲ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስለ ስትሪክት አሊያሲንግ (አንድን የሚሞሪ ቦታ በማይዛመዱ ዓይነቶች ማየትን ስለሚከለክለው ሕግ) ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኝ ነበር። መሐል ላይ ቮይድ ፖይንተር አስገብቼ ዞር አድርጌ ካስት ሳደርገው ጠፋ፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። አንዱ ባልደረባዬ “የኮምፓይለሩ ባግ ነው” ይላል። ሌላው “ቮላታይል ጨምሪበት” ይለኛል። አለቃችን ደግሞ “በኦ0 ይሁንና ይለቀቅ” ብሎናል። ማንን ልስማ? ግራ የገባት ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሦስቱ ማንንም አትስሚ። የአለቃሽ ሐሳብ ለጊዜው ፋታ ይሰጣል፤ ግን ለእሱም ቢሆን ዋጋው በጣም ያነሰ ሌላ አማራጭ አለ፣ እመጣበታለሁ። ኮምፓይለሩ አልተሳሳተም። ጥፋቱ ያለው ካስቱ ላይ ነው።

በሲ ፍሎት ፖይንተር ብለሽ ስትጽፊ “እዚህ አድራሻ ላይ ያለው ፍሎት ነው” ብለሽ ለኮምፓይለሩ ቃል እየገባሽለት ነው። እሱም ያምንሻል። በኦ0 ቢያምንሽም ለውጥ የለውም፤ የጻፍሽውን መስመር በመስመር ነው የሚተገብረው። በኦ2 ግን ቃልሽን ይዞ ሥራ ይጀምራል።

ትንሽ ፈንክሽን እናስብ። ሁለት ፖይንተር ይቀበላል፤ አንዱ ወደ ኢንት፣ ሌላው ወደ ፍሎት። መጀመሪያ በኢንቱ ቦታ 1 ይጽፋል። ቀጥሎ በፍሎቱ ቦታ 1.0 ይጽፋል። በመጨረሻ ኢንቱን አንብቦ ይመልሳል። አሁን የሚጠራው ሰው ለሁለቱም ፖይንተሮች አንድ አድራሻ ቢሰጣቸውስ? በኦ0 የሚመለሰው 1065353216 ነው። የፍሎት 1.0 ቢቶች እንደ ሙሉ ቁጥር ሲነበቡ የሚሰጡት ይህንን ነው። በኦ2 ግን መልሱ 1 ይሆናል። ኮምፓይለሩ “ፍሎት ላይ መጻፍ ኢንትን አይነካም” ብሎ ሁለተኛውን ንባብ ጭራሽ ትቶታል። “1 መልስ” ብሎ ጽፎ ወጥቷል።

ያንቺም ጉዳይ ይኸው ነው፣ ትንሽ ሰፋ ብሎ። አሬዩን የምትሞይው በአንሳይንድ ኢንት ነው፤ የምታነቢው ደግሞ በፍሎት። የሚሞላው ፈንክሽንና የሚያነበው ፈንክሽን ኢንላይን ሆነው (ኮዳቸው በተጠሩበት ቦታ ገብቶ) ሲቀላቀሉ ኮምፓይለሩ ሁለቱን አስተያይቶ “እነዚህ አይገናኙም” ይላል። ከዚያ ንባቡን ከጽሕፈቱ በፊት ቢያመጣው ይፈቀድለታል። ስለዚህ የምታነቢው ገና ያልተሞላውን ቦታ ነው፤ ያለፈውን ዙር ቁጥር፣ የመጀመሪያው ዙር ከሆነም ዜሮ።

ፕሪንትኤፉ “የሚያስተካክለውም” ለዚህ ነው። አሬዩ ከውጭ ሊደረስበት የሚችል ከሆነ፣ ኮምፓይለሩ የማያውቀው ፈንክሽን ሲጠራ “ይሄ ሚሞሪውን ሊያይ ወይም ሊነካ ይችላል” ብሎ ይጠነቀቃል። ከጥሪው በፊት መጻፍ ያለበትን ጽፎ ይጨርሳል፤ ከጥሪው በኋላ እንደገና ያነባል። ያኔ ቅደም ተከተሉ ሳይነካ ያልፋል። ፕሪንትኤፍ ሲገባ የሚጠፋ፣ ሲወጣ የሚመለስ ባግ ሲያጋጥምሽ ወደፊትም መጀመሪያ አሊያሲንግን፣ ቀጥሎ ኢኒሻላይዝ ያልተደረገ ቫሪያብልን ጠርጥሪ።

የስትሪክት አሊያሲንግ ሕጉ ራሱ አጭር ነው። ሚሞሪ ላይ ያለን ዋጋ በራሱ ዓይነት ማንበብ ይቻላል። ኮንስት ወይም ቮላታይል በተጨመረበት በዚያው ዓይነትም ይቻላል። ሳይንዱን በአንሳይንድ፣ አንሳይንዱን በሳይንድ፣ ወይም ያንን ዓይነት በውስጡ በያዘ ስትራክትና ዩኒየን (አባላቱ አንድ ቦታ የሚጋሩበት ዓይነት) በኩል ማንበብም ችግር የለውም። በቻር (አንድ አንድ ባይት በሚያነበው ዓይነት) ደግሞ ማንኛውንም ነገር ማየት ይፈቀዳል። ከዚህ ውጭ ያለው አንዲፋይንድ ቢሄቪየር (ስታንዳርዱ ውጤቱን ያልወሰነለት ነገር) ነው፤ በሲ99 ስታንዳርድ ክፍል 6.5 አንቀጽ 7 ላይ ታገኚዋለሽ። አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1989ኙ የመጀመሪያ ስታንዳርድም ውስጥ ነበር። ሰው የነቃው ኮምፓይለሮች ሕጉን መጠቀም ሲጀምሩ ነው። ጂሲሲ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 2.95 ላይ በነባሪነት አብርቶት ነበር። የብዙ ሰው አሮጌ ኮድ ሲበላሽ በ2.95.2 መልሶ አጠፋው። ከ3.0 ጀምሮ ግን በኦ2 በርቶ ቀረ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የተቸገርሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም።

“ታዲያ ኮምፓይለሩ ለምን እንዲህ ያስቸግራል?” ትይ ይሆናል። ልክ ነሽ፣ መጠየቅ ያለበት ነው። አንድ ሉፕ ውሰጂ። ፍሎት አሬይ ውስጥ ይጽፋል፤ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ደግሞ በኢንት ፖይንተር በኩል ያነባል። ፍሎት መጻፍ ኢንትን እንደማይቀይር ካወቀ፣ ኮምፓይለሩ ቁጥሩን አንዴ አንብቦ ሬጅስተር ውስጥ ይይዘዋል። ከዚያም አራት ወይም ስምንት ፍሎት በአንድ ጊዜ መጻፍ ይችላል። ይህን ካላወቀ ግን በእያንዳንዱ ዙር “ቁጥሩ ተቀይሮ ይሆን?” እያለ ሚሞሪ ሲመላለስ ይውላል። በቁጥር ስሌት ለተሞላ ፕሮግራም ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

በነገራችን ላይ የዚህ ተቃራኒም አለ፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ቻር ሁሉንም ነገር መንካት ስለሚፈቀድለት፣ በባይት ባፈር ላይ የሚጽፍ ሉፕ ብዙ ጊዜ ይንቀራፈፋል። ኮምፓይለሩ እያንዳንዱ ባይት ሲጻፍ ቆጣሪውን ወይም የባፈሩን አድራሻ ራሱን ቀይሮት እንዳይሆን ይሰጋል። ባለ 8 ቢቱ አንሳይንድ ኢንትም በአብዛኛው የአንሳይንድ ቻር ሌላ ስም ስለሆነ ያው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ርዝመቱንና ፖይንተሩን ወደ ሎካል ቫሪያብል ገልብጠሽ ሉፑን በእነሱ አስኪጂው።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው። ያጠፋሽበት መንገድ ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይባል የለ? ቮይድ ፖይንተሩ ካስቱን ከኮምፓይለሩ ዓይን ሸፈነው እንጂ ኮዱን አልለወጠውም። ሕጉ የሚያየው ሚሞሪው በየትኛው ዓይነት እንደተጻፈና በየትኛው እንደተነበበ ነው። ፖይንተሩ በመንገድ ላይ ስንት ስም ቢቀይር ግድ የለውም። ቀድሞ ቢያንስ የሚጮህልሽ ነበር፤ አሁን እሱም የለም።

ማስጠንቀቂያው አለመኖሩም ብዙ አያጽናናም። በጂሲሲ ውስጥ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ ደብሊው-ኦል (የተለመዱትን ማስጠንቀቂያዎች የሚያበራ የኮምፓይለር ትእዛዝ) ስትይ የሚበራው ደረጃ 3 ነው። ቁጥሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ 3 ጥቂት የሚናገረው፣ 1 ብዙ የሚለፈልፈው ነው። ደረጃ 3 በሐሰት ላለመጮህ ይጠነቀቃል። እዚያው አንድ መስመር ላይ የቫሪያብልን አድራሻ ወስደሽ፣ ካስት አድርገሽ፣ ወዲያው ስታነቢ ይይዝሻል። ፖይንተሩ በአንድ ፋይል ውስጥ ካስት ተደርጎ በሌላ ፋይል ውስጥ ከተነበበ ግን አያየውም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያስጠነቀቀሽም ለዚህ ነው፤ የቀሩት ቦታዎች ልክ ስለሆኑ አይደለም። በኦ0 ደግሞ ኦፕቲማይዜሽኑ ራሱ ስላልበራ ማስጠንቀቂያው ከነጭራሹ አይሠራም። ስለዚህ ቲማችሁ ዕለት በዕለት በኦ0 ብቻ እየሠራ ከሆነ ማንም አይቶት አያውቅም ማለት ነው። በሌላው ኮምፓይለር በክላንግም ቢሆን ብዙ አትጠብቂ፤ የማስጠንቀቂያውን ፍላግ (ማብሪያ ትእዛዝ) ይቀበልሻል፣ ግን እንደ ጂሲሲ አይመረምርልሽም።

ደረጃ 1ን አንድ ቀን አብርተሽ ዝርዝሩን ብታዪው ጥሩ ነው። ግማሹ ውሸት ቢሆን እንኳ ካስቶቻችሁ የት የት እንዳሉ ያሳይሻል። በቋሚነት ግን አታብሪው፤ ሰው ማስጠንቀቂያን ዝም ብሎ ማለፍ ይለምዳል።

እሺ፣ እንዴት ይስተካከል?

ሜምኮፒ ተጠቀሚ። አንሳይንድ ኢንቱን ወደ ፍሎት ቫሪያብል አራት ባይት ገልብጪ፣ በቃ። “ለእያንዳንዱ ቁጥር ፈንክሽን ልጠራ ነው?” ብለሽ እንዳትደነግጪ። መጠኑ ትንሽና አስቀድሞ የታወቀ ሲሆን፣ የዛሬ ኮምፓይለሮች ኦፕቲማይዜሽን በርቶ ሜምኮፒን አይጠሩትም። አንድ የማንቀሳቀሻ ኢንስትራክሽን ያደርጉታል፣ አንዳንዴም ምንም። ካላመንሽኝ የአሴምብሊውን ውጤት አውጥተሽ እዪው፤ እንዲያውም እዪው፣ ከባልደረቦችሽ ጋር ያለውን ክርክር የሚዘጋው እሱ ነው። የሁለቱን ዓይነቶች መጠን እኩልነት በስታቲክ አሰርት (ኮምፓይል ሲደረግ በሚፈተሽ ቅድመ ሁኔታ) ብታስሪው ደግሞ ነገ ሌላ ማሽን ላይ አትቸገሪም። ስለ መጠን ካነሳሁ አይቀር፣ ፍሎትን በሎንግ ፖይንተር የሚያነብ ዝነኛ የድሮ ዘዴ አለ። በ64 ቢት ሊነክስ ላይ ሎንግ ስምንት ባይት ስለሆነ ከፍሎቱ አልፎ የጎረቤቱን ያነባል። አሊያሲንጉ ሳያንስ!

ያንቺ መረጃ ሁሉ ፍሎት ከሆነ ግን ከዚህም የሚሻል አለ። አሬዩን ከመጀመሪያው ፍሎት አድርጊው። ከመሣሪያው የመጣውን ቃል በሎካል አንሳይንድ ኢንት ውስጥ አዘጋጅተሽ፣ በሜምኮፒ ወደ ፍሎት አሬዩ ቦታ አስገቢ። ከዚያ በኋላ የሚያነበው ሁሉ ፍሎትን በፍሎት ነው የሚያነበው። ካስት የሚባል ነገር አይኖርም። እኔ ብሆን ይህንን ነው የማደርገው።

ቃሉን ስታዘጋጂም ባይቶቹን በአንሳይንድ ቻር እያነበብሽ በሺፍት ገጣጥሚያቸው። በዚህ መንገድ አሊያሲንግ፣ አላይንመንት (የአድራሻ መስተካከል) እና የባይት ቅደም ተከተል አንድ ላይ ይፈታሉ። አንድ ወጥመድ ብቻ ተጠንቀቂ። እያንዳንዱን ባይት ከሺፍቱ በፊት ወደ ባለ 32 ቢት አንሳይንድ ለውጪው። ካልሆነ ባይቱ በራሱ ወደ ሳይንድ ኢንት ያድግና፣ የላይኛው ቢቱ 1 የሆነ ባይት በ24 ሲገፋ ሌላ አንዲፋይንድ ቢሄቪየር ውስጥ ትገቢያለሽ።

ዩኒየንም በሲ ይሠራል። በአንዱ አባል ጽፈሽ በሌላው ብታነቢ ቢቶቹ እንደ አዲሱ ዓይነት ይተረጎማሉ፤ ጂሲሲም ይህን በግልጽ ይፈቅዳል። ግን ሁልጊዜ በዩኒየኑ ስም በኩል መሆን አለበት። የአባሉን አድራሻ ወስደሽ ለሌላ ፈንክሽን ካቀበልሽ ወደ ቀድሞው ችግር ተመለስሽ። ኮዱ ነገ ወደ ሲ++ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ዩኒየኑን ተዪው፣ እዚያ አይፈቀድም። እዚያ ከሲ++20 ጀምሮ ቢት-ካስት የሚባል ለዚሁ የተሠራ ነገር አለ።

ቻርን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፈቃዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ፍሎትን በቻር ፖይንተር ማንበብ ይቻላል። ቻር አሬይ ብለሽ ዲክሌር ያደረግሽውን ባፈር በፍሎት ወይም በስትራክት ፖይንተር ማንበብ ግን አይቻልም። የኔትወርክ ፓኬት ባፈርን ወደ ሄደር ስትራክት ካስት ማድረግ የተለመደ ነው፣ ብዙ ቦታም “ይሠራል”። ሕጉን ግን ይጥሳል። በዚያ ላይ ባፈሩ በአራት ባይት ካልተስተካከለ አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ላይ ፕሮግራሙ እዚያው ይወድቃል።

ቮላታይል የሚለው ባልደረባሽ ክፉ አልመከረም፣ ግን አልገባውም። ቮላታይል ኮምፓይለሩ ንባብና ጽሕፈትን እንዳይዘልል ስለሚያስገድደው ብዙ ጊዜ ምልክቱ ይጠፋል። ሕጉን መጣስሽ ግን እንዳለ ነው። ኮዱንም ያለ ምክንያት ያዘገየዋል። ሦስት ዓመት ቆይቶ የሚያነበው ሰው ደግሞ “ይሄ ሃርድዌር ሬጅስተር ነው እንዴ?” እያለ ይደናገራል።

አለቃሽን በተመለከተ። ቶሎ መልቀቅ ካለባችሁ ኦ0 አያስፈልጋችሁም። ኦ2 ላይ ሆናችሁ ኤፍ-ኖ-ስትሪክት-አሊያሲንግ የሚለውን ፍላግ ጨምሩ። ይህ በዓይነት ላይ ተመሥርቶ የሚደረገውን ግምት ብቻ ያጠፋል፤ የቀረው ኦፕቲማይዜሽን እንዳለ ይቆያል። አሳፋሪ ነገርም አይደለም። የሊነክስ ከርነል የሚገነባው በዚህ ፍላግ ነው። ፓይተንም በሁለተኛው ትውልዱ ሲጠቀምበት ቆይቶ፣ ለሦስተኛው የኦብጀክቶቹን አወቃቀር ሕጉን እንዲያከብር አድርጎ ቀይሮታል። ፍላጉን ቢልድ ፋይሉ ውስጥ ለምን እንደገባ ከሚገልጽ አጭር ኮሜንት ጋር አስገቢው፤ በአንድ ሰው ማሽን ላይ ብቻ የሚኖር ፍላግ ዋጋ የለውም። ኮዳችሁን ሌላ ቲም ወስዶ በራሱ ፍላግ የሚገነባው ላይብረሪ ከሆነ ግን ፍላጉ አብሮ አይሄድም። ያኔ ማስተካከሉ ግዴታ ነው።

ፍላጉ ለምርመራም ይጠቅማል። ፕሮግራሙን በኦ2 ሁለት ጊዜ ገንቢ፣ አንዴ በፍላጉ፣ አንዴ ያለ ፍላጉ። በፍላጉ ብቻ ልክ ከሆነ ጥርጣሬሽ በጣም ጠንካራ ነው። ከዚያ ግማሹን ፋይል በፍላጉ፣ ግማሹን ያለ ፍላጉ ኮምፓይል እያደረግሽ አጥብቢው። ችግሩ ያለበት ፋይል ጋ ለመድረስ ብዙ ዙር አይፈጅም። ሊንክ ጊዜ ኦፕቲማይዜሽን በርቶ ከሆነ መጀመሪያ አጥፊው፤ የፋይሎቹን ድንበር ያፈርስብሻል። ዩቢሳን የሚባለው ሳኒታይዘር (ፕሮግራሙ ሲሮጥ ጥፋት የሚፈልግ መሣሪያ) አሊያሲንግን አይዝም፣ የአላይንመንት ጥፋቶችን ግን ይነግርሻል። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ኤልኤልቪኤም 20 (ክላንግ የተካተተበት ፕሮጀክት) ደግሞ ክላንግ ለዚሁ ጉዳይ ታይፕ ሳኒታይዘር ጨምሯል። ማግኘት ከቻልሽ በሙከራ ግንባታችሁ ላይ ሞክሪው፤ ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ የትኛው ንባብ ከየትኛው ዓይነት ጋር እንደተጋጨ ይነግርሻል።

ሪስትሪክት የሚለውን ቃል አይተሽ እሱ ይሆን ብለሽ እንዳትሞክሪ። እሱ ተጨማሪ ቃል መግባት ነው፤ “እነዚህ ሁለት ፖይንተሮች አንድ ዓይነት ቢሆኑም አይደራረቡም” ማለት። ያንቺ ችግር የገባሽውን ቃል አለመጠበቅ ሆኖ ሳለ ሌላ ቃል አትጨምሪ።

ነገ ጠዋት ከቮይድ ፖይንተሩ ጀምሪ። አውጪውና ማስጠንቀቂያው ይመለስ። ፍላጉን አስገብታችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ አሬዩን ወደ ፍሎት ቀይሪ፣ የቀሩትን ካስቶች አንድ በአንድ በሜምኮፒ ተኪ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ፍላጉን አንስተሽ ያለ ፕሪንትኤፍ በኦ2 አስኪጂው። ያኔም ዜሮ ካወጣ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ መረጃውን የሚቀበለው ኮድ በኢንተራፕት ወይም በሌላ ትሬድ ላይ እንደሚሮጥ አጣርተሽ መልሰሽ ጻፊልኝ።